ቡረቃ የተባለው ፊደል

የመጀመሪያው ስሕተት የተፈጸመው መሰላል ላይ ነው። ጽሕፈት ሠሪው በአንድ አዲስ ጭማቂ ቤት ግንባር ላይ «ጭማቂ» የሚለውን ቃል ሊጀምር ብሩሹን ከግድግዳው ባስነካበት ቅጽበት ቀኝ እጁ ያለ ፈቃዱ ተርገፈገፈ፤ ቀጥ ብሎ መውረድ የነበረበት የፊደሉ እግርም ከወገቡ ተጣምሞ፣ ጫፉን ወደ ላይ ቀስሮ፣ ኳስ ሊመታ እንደ ተንደረደረ ሰው እግር ሆኖ ቀረ። እጁ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ብርጭቆ ወደ ከንፈሩ ማቅረብ ትቶ ከንፈሩን ወደ ብርጭቆ ማቅረብ ለምዶ ነበር። ብሩሽ ሲጨብጥ ግን መንቀጥቀጡ አደብ ይገዛለት ስለ ነበር ነገሩን ለማንም ትንፍሽ አላለም። ዛሬ ብሩሹንም ደፈረው።

በጋዝ የተነከረውን ጨርቅ ከኪሱ አውጥቶ ሊጠርገው ሲል የጭማቂ ቤቱ ባለቤት ብቅ አለች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቀና ብላ አየችና ከት ብላ ሳቀች።

«ውይ ጋሼ! ይሄ ፊደል ይጨፍራል እንዴ?»

ጨርቁን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ይህ ሰው በሙያው ባልደረቦች ዘንድ «ውሃልክ» ተብሎ የሚጠራ ነበር፤ መሥመር ሳያሰምር የጻፈው ቃል በውሃልክ ቢለካ አንዲት ጠብታ አያዘነብልም ይባልለት ነበርና። እንዲህ ያለ ሰው ወደ ታች ዞር ብሎ «እጄ ከዳኝ» ማለት እንደሚገባው ያውቃል። ያን ጊዜ ብሎት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሁሉ እዚያው ጨርቁ ላይ ተጠርጎ በቀረ ነበር።

«ሆን ብዬ ነው» አለ።

«እንዴት ያምራል! እባክህ የቀሩትንም እንዲሁ አስጨፍርልኝ።»

አስጨፈረላት። ከባድም አልነበረም፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲገታው የኖረውን እጅ ልጓሙን ፈቶ መልቀቅ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። የ«ማ» ሆድ እንደ ጠገበ ሕፃን ተነፋ፤ «ቂ» አንገቷን ወደ ጎን ሰበቀች፤ «ቤት» የሚለው ቃል ከሌላው ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ ይመስል ነበር። ከመሰላሉ ወርዶ ሲያየው እንደገና ጨርቁን አወጣ። ከመንገዱ ማዶ ግን ሁለት ሴቶች ቆመው እየሳቁ ነበር፤ ሳቃቸውም የፌዝ አልነበረም። ደስ ብሏቸው ነበር።

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። ከጭማቂ ቤቱ ቀጥሎ ያለው የሕፃናት ጫማ ሱቅ «እንደዚያኛው» አለው፤ ከጫማ ሱቁም መዋዕለ ሕፃናቱ ተቀበለ። የጥርስ ሐኪሙ እንኳ ደንበኞቹ በር ላይ ሲደርሱ እንዳይፈሩ በማለት ስሙን በዚያው በሚጨፍረው ፊደል አጻፈ። ሰፈርተኛው ግን የጽሕፈት ሠሪውን የቀድሞ ቅጽል ስም አልረሳለትምና በመንገድ ባገኘው ቁጥር ይቀልድበታል።

«ውሃልክ! ምነው፣ ውሃው ፈላ እንዴ?» ይለዋል ፀጉር አስተካካዩ ከደጁ ሆኖ።

«ሲያረጁ አምባር ይዋጁ የሚባለው ደርሶብኝ ነው» ብሎ መመለስ ቃጥቶት ያውቃል፤ ነገር ግን በእርጅናው መቀለድ ወደ እጁ የሚወስድ መንገድ መስሎ ስለሚታየው ፈገግ ብሎ ያልፋል።

ልጁ ይህን ሁሉ በቅርብ ትከታተል ነበር። አንዲት ልጁ ናት፤ በአንድ ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ትሠራለች። የጀመረችውን ትምህርት አቋርጣ፣ ያገባችውንም ሰው ፈትታ ወደ አባቷ ቤት ከተመለሰች ወዲህ አንገቷን ደፍታ የምትኖር፣ በማተሚያ ቤቱም የሌሎችን ሥራ ከማረም በቀር የራሴ የምትለው ነገር ያልነበራት ሴት ነበረች። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የነጭ ወረቀት ክምር ታቅፋ መጥታ በምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው።

«አባዬ፣ ፊደሉን በሙሉ ጻፍልኝ። ከሀ ጀምረህ እስከ መጨረሻው፣ እያንዳንዷን ከነዝርያዋ። ፎንት ላደርገው ነው።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«እንዴት ምን ያደርግልኛል? ሰው ሁሉ በዚህ እንዲጽፍበት ነዋ! ስሙንም አውጥቼለታለሁ። ቡረቃ።»

ፊቷን አየው። ከተመለሰች ጀምሮ እንዲህ ያለ ፊት አላየባትም ነበር። ብሩሹን አነሣ።

ለሳምንታት ጠረጴዛው ላይ ምግብ አልቀረበበትም። እሱ ይጽፋል፤ እሷ ወረቀቱን እያነሣች በመስኮቱ ብርሃን ትመለከታለች። «ለ»ን ስታይ የተኮሳተረ ሽማግሌ ባርኔጣውን ያነሣ ይመስላል ትላለች፤ «ጠ» ሦስት እግሩን አንፈራጦ የሚሮጥ በርጩማ ነው ትላለች፤ ማንም በወር አንድ ጊዜ እንኳ የማይጽፋትን «ዧ»ን ሳይቀር ጭራዋን ይዛ ትስቅባታለች። አንዱን ፊደል ደግመህ ጻፍልኝ ባለችው ጊዜ ግን ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር አልገጠመም፤ ሦስተኛውም ከሁለቱ ተለየ። እሱ ወረቀቶቹን ሊሰበስብ እጁን ሰደደ። እሷ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች።

«አየህ? አንድ ፊደል ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ አይወጣልህም! ነፍሱ እኮ ይሄ ነው! ሌላው ሰው ይህን ለማምጣት ዓመት ይለማመዳል፤ አንተ ዝም ብለህ ታፈስሰዋለህ።»

«ዝም ብዬ» አለ እሱ፤ እጁንም ከጠረጴዛው በታች አወረደ።

ቡረቃ ወጣ፤ ወጥቶም እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። በሻምፑ ጠርሙስ ላይ፣ በሰርግ መጥሪያ ላይ፣ በብስኩት ማሸጊያ ላይ፣ «እንኳን ተወለድሽ» በሚል የኬክ ሰሌዳ ላይ ተነበበ። ማተሚያ ቤቱ ለልጅቱ የራሷን ክፍል ሰጣት፤ በሯም ላይ ስሟ በቡረቃ ተጻፈ። ቀና ብላ መሄድ ጀመረች፤ ሰውም «የቡረቃዋ» ይላት ጀመር። በሌላ በኩል ግን ሰው ያገኘውን ነገር ያለ ቦታው ሳያውል አያርፍምና፣ ፊደሉ ለልቅሶም ለማስፈራሪያም ይወጣ ጀመር። አንድ ቀን ጽሕፈት ሠሪው በትራንስፎርመር አጥር ላይ «የሞት አደጋ» የሚል ጽሑፍ አየ። «ሞ» በአንድ እግሯ ቆማ ታሽካካለች። ከፊቷ ቆሞ ብዙ ቆየ። የእጁን እያንዳንዷን ድንጋጤ ለይቶ ያውቃታል፤ ይህችን «ሞ» የጻፈባት ዕለት እጁ እንዴት እንደ ዘለለ፣ ከዚያም ልጁ እንዳታውቅበት በሳል እንዴት እንዳመካኘ ትዝ አለው። አሁን ሳሏ ጠፍታ ድንጋጤዋ ብቻ በየአጥሩ ተለጥፋለች።

ይህን ሁሉ ይችለው ነበር። አንድ ነገር ግን ነበረበት፤ የመምህሩ የመቃብር ድንጋይ።

መምህሩ ብሩሽ አያያዝ ያስተማሩት ሰው ናቸው። ያለ አባት ያደገ ነበርና ከብሩሹም ሌላ ብዙ ነገር አስተምረውታል። ፊደል የሚቆም ነገር ነው፤ ሰው የሚያነበው እንዲያምነው ነው፤ የሚወላገድ ፊደል የሚዋሽ ሰው ይመስላል ይሉ ነበር፤ እግሩ ከመሥመር በወጣ ቁጥርም የብሩሹን እጀታ አዙረው ጣቱን መታ ያደርጉት ነበር። ሚስታቸው ምሳ ሲያቀርቡ ለእሱ ለብቻው ጨምረው ያስቀምጡለት ነበር። መምህሩ በታመሙ ጊዜ፣ በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው ሚስታቸው ባሉበት እጁን ያዙና፣ «ድንጋዬን ሌላ ሰው እንዳይነካው። አንተ ጻፈው። ቀጥ አድርገህ» አሉት። ያን ጊዜ እጁ ጤነኛ ነበር። «በልጄ ይሁንብኝ» ብሎ ማለላቸው።

አሁን እሳቸው ከተቀበሩ ወዲህ ድንጋዩ ተስተካክሎ አልቋል፤ ሚስትየውም «ምን ትጠብቃለህ?» ብለው ልከውበታል። አንድ ማለዳ ብሩሾቹን ጠቅልሎ ወደ ድንጋይ ጠራቢው ግቢ ሄደ።

በዚያ ግቢ የታወቀ አሠራር አለ። ጽሕፈት ሠሪው በድንጋዩ ላይ በጠመኔ መሥመር ያሰምራል፤ በመሥመሩ ላይ በብሩሽ ይጽፋል። የጠመኔው መሥመር እስካለ ድረስ ሥራው አላለቀምና ጠራቢው መሮ አያነሣም። ጽሕፈት ሠሪው መሥመሩን ከጠረገ ግን «ጨርሻለሁ፣ ያንተ ነው» ማለት ነው፤ ጠራቢውም ቀለሙን ተከትሎ፣ ከጠርዙ ፀጉር ታህል ሳይወጣና ሳይገባ ይቀርጸዋል። ሁለቱ በዚህ ሲሠሩ ኖረዋል፤ ስለ እሱም አንድም ቀን ቃል ተለዋውጠው አያውቁም።

መሥመሩን አሰመረ፤ እንዲያውም ሁለት ጊዜ አደመቀው። እጁን በመደገፊያው በትር ላይ አስደግፎ ትንፋሹን ዋጠና ጀመረ። የመምህሩ ስም የመጀመሪያ ፊደል እግሩን ሰበረ። ጠረገው። ደገመው። ጠረገው። የእጅ አንጓውን በመሐረብ ከበትሩ ጋር ጥፍንግ አድርጎ አሰረውና እንደገና ሞከረ፤ መንቀጥቀጡ አሁን ከአንጓው ሸሽቶ ወደ ጣቶቹ ወረደ። ፀሐይዋ ከአጥሩ በላይ ወጥታ ድንጋዩን ስታግለው ቀለሙ እየፈጠነ ይደርቅ ጀመር፤ ከዚህ በኋላ መጥረጉም አልሆነለትም። ስሙን ከዳር እስከ ዳር ጽፎ ወደ ኋላ አፈገፈገና አየው።

ስሙ ይጨፍር ነበር። ከሥሩ የጠመኔው መሥመር ቀጥ ብሎ፣ እንደ ዳኛ ሆኖ፣ እያንዳንዱ ፊደል የት ላይ እንደ ወደቀ፣ የት ላይ እንደ ዘለለ ይመሰክርበታል።

ጠራቢው ከግቢው ሌላ ጥግ መዶሻውን አስቀምጦ ወደሱ መምጣት ጀመረ። ጽሕፈት ሠሪው ያን ጊዜ አላሰበም። ይህ መሥመር እያለ የሚያየው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ መሥመሩ ከሌለ ግን ቡረቃ ነው። በእጅጌው ጠመኔውን ጠራርጎ አጠፋው።

«ኧረ ውሃልክ!» አለ ጠራቢው ከኋላው ደርሶ። «ለመምህሩም አስጨፈርክላቸው?»

«ነገ ማለዳ እመጣለሁ» አለ እሱ፤ ብሩሾቹን ሲጠቀልል ቀና ብሎ አላየውም። ሌሊቱን አርፎ፣ ድንጋዩ ሳይግል መጥቶ ሁሉንም በጋዝ አጥቦ እንደገና ለመጻፍ አስቦ ነበር። «እንዳትነካው» ቢለው ግን ጠራቢው «ለምን?» ይለዋል። ስለዚህ ብሩሾቹን በብብቱ ይዞ ወጣ።

በማግስቱ ከግቢው በር ሳይደርስ ልቡ ነገረው። የመሮ ድምፅ አልነበረም፤ ጠራቢው ጨርሶ ድንጋዩን በውሃ እያጠበ ነበር።

«ና ናማ፣ ና እይልኝ!» አለ ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ እየሳቀ። «አንዲት ጠመዝማዛ አልለቀቅኩልህም። መጀመሪያ እጄ እምቢ አለኝ፤ ቀጥ ያለ ነው የለመደው። ኋላ ግን እጄ ካንተ እጅ ጋር መጨፈር ጀመረ ብልህ ታምነኛለህ? ዕድሜ ልኬን እንዲህ ተደስቼ ቀርጼ አላውቅም።»

ጽሕፈት ሠሪው በድንጋዩ ፊት ተንበረከከ። ጣቱን በመጀመሪያው ፊደል ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ተከተለው። ጠራቢው አልዋሸም፤ እያንዳንዷ መንቀጥቀጥ በቦታዋ አለች። በቀለም የነበረው አሁን ጥልቀት አግኝቷል፤ ጥላ ወድቆበታል።

«ሊፋቅ ይችላል?» አለ።

«ምኑ?»

«ይህ።»

«አንተ ሰውዬ ጤናም የለህ! መፋቁስ ይፋቃል፤ ለምን ተብሎ ነው የሚፋቀው?»

ይህን «ለምን» እየሸሸ የመጣበት መንገድ እዚህ ላይ አለቀ። አፉን ሊከፍት ሲል የግቢው በር ተንኳኳና የመምህሩ ሚስት በጽሕፈት ሠሪው ልጅ ክንድ ተደግፈው ገቡ። ልጁ ስልኳን በእጇ ይዛለች፤ ቡረቃ በድንጋይ ላይ ሲቀረጽ የመጀመሪያው ነው ብላ ፎቶግራፍ ልታነሣው ነበር የመጣችው። አሮጊቷንም ከቤታቸው ይዛቸው የመጣችው እሷ ነበረች።

ሴትዮዋ በድንጋዩ ፊት ቆሙ። መነጽራቸውን ከቦርሳቸው አወጡ፤ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፤ አደረጉት። ጠራቢው እጁን በሽርጡ ላይ ማሸት ጀመረ።

«ይህ የማን ስም ነው?» አሉ።

«እትዬ…» አለ ጽሕፈት ሠሪው።

«የማን ስም ነው ብዬሃለሁ! የባሌ ስም ነው ወይስ የከረሜላ?»

«እትዬ፣ ይስሙኝ…»

«ቀጥ አድርገህ ነው ያለህ። እዚያው ነበርኩ እኮ! እዚያው አልጋው አጠገብ ነበርኩ። ሰውዬው መተንፈስ እያቃተው ‹ቀጥ አድርገህ› አለህ። አንተ ደግሞ ልጅህን ጠርተህ ማልክ። ለካ ስታላግጥበት ኖረሃል!»

«አላገጥኩም።» ከተንበረከከበት ተነሣ፤ ቀኝ እጁን ከኪሱ አውጥቶ በመካከላቸው ዘረጋው። በአየሩ ላይ እንደ ተያዘች ወፍ ይርገፈገፍ ነበር። «እጄ ታሟል፤ ከታመመ ከርሟል። ይህ ጭፈራ አይደለም እትዬ፤ መጀመሪያውንም ጭፈራ አልነበረም። ጭማቂ ቤቱም፣ መዋዕለ ሕፃናቱም፣ ሁሉም ያው ነው። በሽታ ነው።»

ሴትዮዋ እጁን አዩ፤ ከዚያም ፊቱን። የሚያምኑትም የማያምኑትም መሰሉ።

«ከተማው ሁሉ የሚስቅበት ይህ… በሽታ ነው ትለኛለህ?» ወደ ልጁ ዞሩ። «አባትሽ ምን ይላል? እውነት ነው?»

እሱም ወደ ልጁ ዞረ፤ ያኔ አየ። ፎቶግራፍ ልታነሣ ከፍ አድርጋው የነበረው ስልክ ቀስ እያለ ወረደ። ፊቷ አመድ መሰለ። ዓይኖቿ ከእጁ ላይ አልተነሡም፤ ነገር ግን የምታየው እጁን እንዳልነበረ ገባው። የምግብ ጠረጴዛውን ነበር የምታየው፤ ወረቀቶቹን በመስኮቱ ብርሃን የተመለከተችበትን፣ የሳቀችበትን፣ «ነፍሱ እኮ ይሄ ነው» ያለችበትን፤ ከሁሉም ይልቅ የተሻለውን መርጣ፣ አጽድታ፣ ስም አውጥታ፣ በሻምፑና በሰርግ መጥሪያ ላይ የበተነችውን ነገር ምንነት ነበር የምታየው። ከንፈሯ ተላቀቀ። አሁን ትናገራለች፤ ከተናገረች ደግሞ እሱ ከመሰላሉ ወደ ታች የወረወረው ውሸት በእሷ ራስ ላይ ነው የሚያርፈው።

እጁን ወደ ኪሱ መለሰ።

«ቀልዴን ነው» አለ።

ሳቅ ለማምጣት ሞከረ፤ የወጣው ግን ሳቅ መሆኑን እሱም እርግጠኛ አልነበረም።

«ቀልዴን ነው እትዬ፤ ሲቆጡብኝ ጊዜ ደንግጬ ነው። እጄ ደህና ነው። እንዲህ የጻፍኩት ደስ ስላለኝ ነው።»

«ደስ ስላለህ።»

«አዎ።»

«እሱ አፈር ውስጥ ተኝቶ አንተን ደስ አለህ?» መነጽራቸውን አወለቁ። ድምፃቸው አሁን ዝቅ ብሎ ነበር፤ ቁጣው ይሻለው ነበር። «ከማዕዴ ያበላሁህ ልጅ ነህ። ከልጆቼ አፍ ነጥቄ ነው ያበላሁህ። ታምሜያለሁ ብለህ ደግሞ በበሽታ ትቀልድብኛለህ? እሱ እኮ ታሞ ነው የሞተው! ከዛሬ ጀምሮ ደጄን እንዳትረግጥ። ስሞት ቀብሬ ላይ እንዳትቆም።»

ወደ ጠራቢው ዞሩ።

«ፋቀው።»

«እትዬ፣ እንዲህ ያለ ሥራ…»

«ፋቀው አልኩህ! ከዚያ በማሽን አስጽፈው። የትኛውም ተራ የማሽን ፊደል ይሁን፤ ብቻ ይቁም።»

የልጁን ክንድ ሳይጠብቁ አጥሩን በእጃቸው እየደገፉ ወጡ። ልጅቱ ልትከተላቸው አንድ እርምጃ ተራምዳ ቆመች። ጠራቢው ጽሕፈት ሠሪውን ቀና ብሎ አየው፤ እንደ ወትሮው ሊቀልድ አስቦ ኖሮ ተወው፤ የመፋቂያውን ማሽን ገመድ ይጎትት ጀመር። ማሽኑ ሲነሣ ነጭ ብናኝ ግቢውን ሞላው። ጽሕፈት ሠሪው የመጀመሪያው ፊደል እስኪጠፋ ድረስ ቆሞ ጠበቀ። መምህሩ ማሽን የጻፈውን ፊደል «አስከሬን» ይሉት ነበር፤ አሁን ከአስከሬናቸው በላይ የሚቆመው ያው የማሽን ፊደል ነው፤ ቀጥ ብሎ ደግሞ ይቆማል።

ወደ ቤት የተመለሱት በአውቶቡስ ነበር። መቀመጫ አግኝተው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ልጁ ተነሥታ በግራው ከነበረችበት ወደ ቀኙ ተዛወረች። ሊነግራት የሚችለው ነገር ሁሉ ይበልጥ የሚጎዳት ሆኖ ታየው፤ እሷም ልትጠይቀው የምትችለውን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ አንሥታ አንድ በአንድ ስታስቀምጥ ከጎኗ ሆኖ ይሰማው ነበር። በመጨረሻ እጇን ሰደደችና በኮቱ ኪስ ውስጥ ያለውን ቀኝ እጁን ያዘችው። ጠበቅ አድርጋ ያዘችው፤ ሆኖም መንቀጥቀጡ አልቆመላትም።

«በርዶህ ነው አይደል አባዬ?» አለች ወደ ፊት እያየች።

«አዎ» አለ። «በርዶኝ ነው።»

ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ የሁለቱንም ጉልበት ታቃጥል ነበር።